«የጨዋ ዘር ነን» ማለት «የንጉሥ ጦር ዘር ነን» ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «የቤተሰባችንን ታሪክ እየጻፍኩ ነው። አያቴ ሁልጊዜ ‹እኛ የጨዋ ዘር ነን› ይሉ ነበር። እኔ ጨዋ ማለት ሥርዓት ያለው፣ ሰው አክባሪ ማለት ነው ብዬ ነው ያደግኩት። በቅርቡ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ላይ ‹ዘርአ ያዕቆብ በደዋሮና በባሌ ጨዋ አሰፈረ› የሚል አነበብኩ። እዚያ ላይ ጨዋ ማለት ወታደር ነው። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ‹ምርኮኛ› ማለት ነው አለኝ። ሌላው ጓደኛዬ ‹ከጨው ነው የመጣው፤ ጨዋታም ዘመዱ ነው› ይላል። የቱ ነው ልክ? መጽሐፌ ላይ ‹ቅድመ አያቶቻችን የንጉሥ ጦር ነበሩ› ብዬ ብጽፍስ ስህተት ይሆናል?»

ምላሽ፦

አዎ፣ ስህተት ይሆናል። ቢያንስ አሁን በእጅዎ ባለው ማስረጃ ብቻ እንደዚያ መጻፍ አይችሉም። ቃሉን በተመለከተ ከሰሟቸው አምስት ነገሮች ግን ሦስቱ ልክ ናቸው። ጨዋ ማለት ሥርዓት ያለው ሰው ነው። ጨዋ ማለት ወታደር ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ምርኮኛ ማለት ነበር። የጨውና የጨዋታው ነገር ነው ስህተቱ።

መጀመሪያ ስህተቶቹን ላጥራቸው። የጨው ነገር ደጋግሞ የሚነሳ ነው። ሐሳቡም ያምራል። ጨው የሌለው ወጥ አይጥምም፣ ጨዋነት የሌለው ሰውም አይጥምም ይባላል። ለምክር ጥሩ ነው፤ ለቃል አመጣጥ ግን ማስረጃ አይሆንም። ሁለቱ ቃላት የሚመሳሰሉት በሌላ ምክንያት ነው፤ እሱን ከታች አመጣዋለሁ።

ጨዋታ ደግሞ ሥሩ ጭራሽ ሌላ ነው። ተጫወተ፣ ይጫወታል፣ አጫወተ፣ ጨዋታ ይላሉ። በሁሉም ላይ መጨረሻው አካባቢ «ተ» አለች። እሷ ከሥሩ ፊደላት አንዷ ናት። «መጫወቻ» ላይ እንኳ አልጠፋችም፤ ወደ «ቻ» ተለወጠች እንጂ። ጨዋ ላይ ግን ይህቺ ፊደል የለችም። «ጨዋነት» ውስጥ ያለችው «ት» እንደ «ደግነት» እና «ሰውነት» ሁሉ የቅጥያው የ«ነት» ናት። ስለዚህ ጨዋና ጨዋታ በድምፅ ይቀራረባሉ፤ ዝምድና ግን የላቸውም።

አሁን ወደ ሥሩ እንሂድ። ግዕዝ ላይ «ፄወወ» የሚል ግሥ አለ። ማረከ፣ ማርኮ ወሰደ ማለት ነው። ከእሱ «ፄዋ» ይወጣል፤ ምርኮ ወይም ምርኮኛ ማለት ነው። «ፄዋዌ» ደግሞ ተማርኮ ከአገር መውጣትን፣ በምርኮ መሰደድን ይገልጻል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ ሰው እነዚህን ቃላት ያውቃቸዋል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ኤፌሶን 4፥8 ላይ «ምርኮን ማረከ» የሚል አለ። ጳውሎስ ያንን የጠቀሰው ከመዝሙረ ዳዊት ነው። የግዕዙ ዳዊት እዚያ ቦታ ላይ የሚጠቀመው ይህንኑ ሥር ነው።

ከ«ፄዋ» ወደ «ጨዋ» እንዴት ተደረሰ? ይህ በአማርኛ ውስጥ የተለመደ ለውጥ ነው። አማርኛ እንደ ጠ እና ጸ ያሉ ድምፆች ከ«ኢ» ወይም ከ«ኤ» ጋር ሲገናኙ ብዙ ጊዜ ወደ ጨ ይወስዳቸዋል። ዛሬም አፋችን ላይ አለ። ቆረጠ ብለን ቆራጭ እንላለን። መረጠ ብለን መራጭ፣ ሰጠ ብለን ሰጪ እንላለን። ጠ ወደ ጨ ሄደች ማለት ነው። «ፄዋ» ላይም ፊደሏ ከ«ኤ» ጋር ስለነበረች ወደ ጨ ተለወጠች።

ጨው የሚገባው እዚህ ጋ ነው። የግዕዙ ጨው «ጼው» ነው። «ጼው» ጨው ሆነ፣ «ፄዋ» ጨዋ ሆነ። ሁለቱም ያለፉት በአንድ በር ነው፤ የመጡት ግን ከተለያየ ቤት ነው። በግዕዙ አጻጻፍ አንዱ በጸሎቱ ጸ፣ ሌላው በፀሐዩ ፀ ይጻፍ እንደነበር ልብ ይበሉ። ዛሬ ሁለቱን ፊደሎች በድምፅ አንለያቸውም። ጥንት ግን ሁለት የተለያዩ ድምፆች ነበሩ። ጓደኛዎን ያሳሳተው ይህ ነው። አሁን ላይ ሆኖ ሲያያቸው መንትያ መሰሉት።

ምርኮኛን የሚሰይም ቃል እንዴት የንጉሥ ጦር ስም ሆነ? ብዙ ሰው ይህንን ሲሰማ አይዋጥለትም። ነገሩ ግን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው አሠራር ጋር ይገጥማል። (ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጻፍኩ በስተቀር ቁጥሮቼ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዓፄ ዓምደ ጽዮን ከ1314 እስከ 1344 ነገሠ። በ1316/17 ዳሞትንና ሐድያን አስገበረ። ይህንን የሚናገር ጽሑፍ በሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል ላይ ተመዝግቧል። ንጉሡ እዚያ ላይ የማረከውን ሕዝብ ወደ ሌላ አገር እንዳፈለሰው ይናገራል። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1332 ከይፋት ጋር ሲዋጋ፣ በጦሩ ውስጥ ከዳሞትና ከሐድያ የመጡ ፈረሰኞችና እግረኞች ነበሩት። በአንድ ትውልድ ውስጥ የተሸነፈ አገር ልጆች የአሸናፊው ጦር አካል ሆኑ። ማርኮ ማፍለስ፣ አፍልሶ ማሰልጠን፣ አሰልጥኖ ሌላ ቦታ ማስፈር። «ፄዋ» ምርኮም ስደትም አለበትና ለእነዚህ ሰዎች የሚመጥን ስም ነበር።

ሌላ አስተያየትም አለ። ጨዋ የተባሉት እነሱ ራሳቸው ስለሚማርኩ ነው የሚል። ይህም በሰዋስው አይከለከልም። እኔ ግን የመጀመሪያውን አጥብቄ እይዛለሁ። ማንም ጦር ይማርካል። መማረክ አንዱን ጦር ከሌላው አይለየውም። ጨዋን ከባላባቱ ጭፍራና ከአገሩ ዘማች የለየው ከቤቱ ተነቅሎ ሌላ ቦታ መተከሉ ነበር።

ይህ ነገር ኢትዮጵያ ላይ ብቻ የሆነ አይደለም። በዚያው ዘመን ግብፅን ይገዙ የነበሩት መምሉኮች ነበሩ፤ ከ1250 እስከ 1517 ድረስ። መምሉክ በአረብኛ «በሰው እጅ የተያዘ፣ ንብረት የሆነ» ማለት ነው። በባርነት ተገዝተው ወታደር ሆኑ፣ ወታደር ሆነው ሡልጣን ሆኑ። የእኛው ከእነሱ ተቀዳ ማለቴ ግን አይደለም። ዘመድና ርስት የሌለው ወታደር ለንጉሥ የሚመች መሆኑን ብዙ አገር በየራሱ ደርሶበታል። የአገሩ ባላባት ቢያምፅ እንዲህ ያለ ወታደር ከባላባቱ ጋር የሚያብርበት ምክንያት የለውም። የሚበላው ከንጉሡ ነው።

ለእርስዎ ጥያቄ ቁልፉ ዘርአ ያዕቆብ ነው። ከ1434 እስከ 1468 ነገሠ። ዜና መዋዕሉ በየአውራጃው ጨዋ እንዳሰፈረ ይናገራል፤ በደዋሮ፣ በባሌ፣ በፈጠጋር፣ በሐድያ፣ በይፋት። ካርታ ላይ ቢያስቀምጧቸው ከእነዚህ አገሮች አብዛኞቹ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚያመለክተው ጠረፍ ላይ ናቸው። በ1445 ከአዳል ገዢ ከበድላይ ጋር የተዋጋውም እዚያው ደዋሮ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጨዋ ማለት በዚያ ዘመን ዝም ብሎ ወታደር ማለት አልነበረም። ሰፋሪ ጦር ማለት ነበር። ዘመቻ ሲጠራ ከየቤቱ ወጥቶ ሲያበቃ ወደ እርሻው የሚመለስ ሰው ጨዋ አይባልም። ጨዋ እዚያው ይቆያል፣ እዚያው ይኖራል፣ ሲጠራ ከዚያው ይነሣል።

ደሞዙም በገንዘብ አልነበረም። የአካባቢው ገበሬ ከሚገብረው ይመደብለት ነበር። ገበሬው ያርሳል፣ ጨዋው ከዚያ ይበላል። ለንጉሡ ርካሽ ዘዴ ነበር። ለገበሬው ግን ከባድ ነበር። ስለ ጨዋ ሲጻፍ ይህ ወገን ብዙ ጊዜ ይረሳል። እርስዎም መጽሐፍዎ ላይ ወታደሩን ብቻ ካሞገሱ ግማሹን ታሪክ ነው የሚጽፉት።

ክፍለ ጦሮቹ የየራሳቸው ስም ነበራቸው። በዓምደ ጽዮን ዘመን አንዱ «ተኩላ» ይባል ነበር። ሌላው «ቀስተ ንሕብ»፣ የንብ መውጊያ እንደማለት። እነዚህን ስሞች ሳነብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ማን እንዳወጣቸው ባይጻፍም የወታደር አፍ ያለበት ስም ነው። በኋላ «ጃን» እየተጨመረባቸው የሚጠሩ መጡ። ይህ «ጃን» በ«ጃንሆይ» እና በ«ጃን ሜዳ» ላይ የምናውቀው፣ ከንጉሥ ጋር የተያያዘው ቃል ነው። ከእነሱ አንዱ «ጃን አሞራ» ነው። ይህ ክፍለ ጦር ከ1468 እስከ 1478 በነገሠው በበእደ ማርያም ዘመን ስሙ ይነሣል። ዛሬ ሰሜን ተራሮች አካባቢ ጃን አሞራ የሚባል ወረዳ አለ። የጦር ስም የቦታ ስም ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ለቤተሰብ ታሪክ ጸሐፊ ይህ ትልቅ ፍንጭ ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። የሰፈረ ጦር አማርኛ ላይ የተወው ምልክት ጨዋ ብቻ አይደለም። «ሰፈር» የምንለው ጦሩ ድንኳን ተክሎ ያረፈበት ቦታ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ደጃች ውቤ ሰፈር ስንል መኳንንቱ ከነጭፍራቸው የሰፈሩበትን እየጠራን ነው። «ከተማ»ም እንዲሁ ነው። ከተመ ማለት ሰፍሮ ተቀመጠ ነው፤ ከተማ ንጉሡ ወይም ጦሩ የከተመበት ነበር። ዛሬ ሰፈር ስንል ጎረቤት ነው የሚታየን፣ ከተማ ስንል አስፋልት። ጨዋ ላይ የሆነው ለውጥ እንግዳ እንዳይሆንብዎት ነው ይህን ያነሳሁት። ጦሩ ሲሄድ ቃሉ ቀርቶ ሌላ ሥራ ይዟል።

ጨዋ እንዴት አለቀ? በአጭሩ፣ 16ኛው ክፍለ ዘመን ሰባበረው። በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ የንጉሡ ጦር በአህመድ ኢብን ኢብራሂም፣ ግራኝ በምንለው፣ ተሸነፈ። ጦርነቱ እስከ 1543 ቀጠለ። የጠረፍ ሰፈሮቹ ተበታተኑ። ከዚያ የኦሮሞ መስፋፋት መጣ፤ ደዋሮ፣ ባሌና ፈጠጋር ከንጉሡ እጅ ወጡ። አባ ባሕርይ በ1593 የጻፉት ጽሑፍ የዚያን ዘመን ጭንቀት ያሳያል። «ብዙ ሆነን ሳለ ለምን ተሸነፍን?» የሚለውን ይመልሳሉ። የአገሩን ሰው በአሥር ይከፍሉታል። መነኩሴው፣ ደብተራው፣ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ባለ እጁ፣ አዝማሪው እያሉ ይቆጥራሉ። ከአሥሩ ዘጠኙ ጦርነት አይሄዱም። አሥረኛው ብቻ ነው ጋሻና ጦር ይዞ ንጉሡን የሚከተለው። እነሱም ጥቂት ናቸው፤ አገር የጠፋው ለዚህ ነው ይላሉ። ይህንን ዘጠኝ ለአንድ የሆነ ክፍፍል ያስታውሱት። ለቀጣዩ ነጥብ መሠረቱ እሱ ነው።

ከ1563 እስከ 1597 የነገሠው ሠርፀ ድንግል ጠረፍ ላይ በተበተነው በአሮጌው ጨዋ ላይ መመካት ተወ። ጦሩን ወደ ራሱ አቀረበ። ጨዋው ግን አልጠፋም፤ ያለበት ቦታ ላይ ሥር ሰደደ። የጨዋ ልጅ ጨዋ፣ የልጅ ልጁም ጨዋ ሆነ። አገሩን ለመደ፣ ተዋለደ፣ መሬት ያዘ። ቃሉ ከሥራ ስም ወደ ዘር ስም የተሻገረው በዚህ መንገድ ነው።

አያትዎ ወደተናገሩት ቃል የምንደርሰው እዚህ ነው። አንድ ሰው ጨዋ ነው ሲባል ሁለት ነገር «አይደለም» ማለት ነበር። አንደኛ፣ ገባር አይደለም፤ ይቀበላል እንጂ አይገብርም። ሁለተኛ፣ ካህን አይደለም፤ መሣሪያው ጦር ነው እንጂ መጽሐፍ አይደለም። ከእነዚህ ሁለት «አይደለም»ዎች ሁለት የተለያዩ ትርጉሞች አደጉ።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ እሱ አጭር ነው። በቤተ ክርስቲያን ሰዎች አነጋገር ጨዋ ማለት ካህን ያልሆነ፣ ከዚያም አልፎ ያልተማረ ማለት ነው። «እሱ ጨዋ ነው» ሲሉ ማመስገናቸው ላይሆን ይችላል። ፊደል አልቆጠረም ማለታቸው ሊሆን ይችላል። ይህንን ሳያውቁ የቆየ ጽሑፍ የሚያነቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። «ካህናትና ጨዎች» የሚል ካጋጠመዎት «ካህናትና ሥነ ምግባር ያላቸው» ብለው አይተርጉሙት። ካህኑና ሌላው ሕዝብ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ትርጉም ግን ሩቅ ሄደ። የማይገብር፣ በማንም እጅ የማይታዘዝ፣ በዘሩ የታወቀ ሰው ጨዋ ተባለ። ከዚያ ቃሉ የባሪያ ተቃራኒ ሆነ። የጋብቻ ነገር ሲነሳ ሽማግሌዎች «የጨዋ ልጅ ናት ወይ?» ብለው ሲጠይቁ ስለ ልጅቷ ጠባይ ብቻ አልነበረም የሚጠይቁት። በዘሯ ባሪያ ወይም ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂ የሚባል አለ ወይ ማለታቸው ነበር። ይህንን ማለስለስ አልፈልግም። ቃሉ ብዙ ሰው የተገፋበት ቃል ነው። ባርነት በሕግ የታገደው በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው፤ በአነጋገር ግን ክፍፍሉ ከዚያ በኋላም ቆይቷል።

እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡት። ጉዞውን «ምርኮኛ» ብሎ የጀመረ ቃል «በዘሩ ምርኮና ባርነት የሌለበት» በሚል አበቃ። ፍጹም ተገለበጠ። አማርኛ ውስጥ ይህን ያህል የተገላበጠ ቃል ብዙ አላውቅም። በዚህ ቃል ሌላውን ዝቅ ያደረጉ ሰዎች የቃሉን መነሻ ቢያውቁት ኖሮ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ዛሬ የምናውቀው የመጨረሻው ትርጉም ከዚህ የወጣ ነው። የጨዋ ልጅ እንዲህ ይቀመጣል፣ እንዲህ ይበላል፣ እንዲህ ይናገራል ተባለ። የጨዋ ደንብ ወጣለት። ቀስ በቀስ ደንቡ ከዘሩ ተላቀቀ። አሁን አንድ ታክሲ ላይ ለአዛውንት ቦታ የለቀቀ ወጣት «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ሲባል የማን ልጅ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ቃሉ የደረሰበት ጥሩ ቦታ ይኸኛው ይመስለኛል።

እንግዲህ አያትዎ ምን ማለታቸው ነበር? «የጨዋ ዘር ነን» የሚለው አነጋገር በአያቶቻችን ዘመን በብዙ ቤት ይባል ነበር። ትርጉሙ «በዘራችን የሚያሳፍር የለም፣ የታወቅን ነን» ነው። የማኅበራዊ ደረጃ አነጋገር ነው። አያትዎ በዘርአ ያዕቆብ ዘመን ስለነበረ ክፍለ ጦር እየነገሩዎት ነበር ብሎ ለመደምደም ቃሉ ብቻውን አይበቃም። በመሀል አምስት መቶ ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት ቃሉ ሦስት ጊዜ ተለውጧል። የ15ኛውን ክፍለ ዘመን ትርጉም አንሥቶ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሰው አፍ ውስጥ መክተት አይቻልም።

በተመሳሳይ ምክንያት «ቅድመ አያቶቻችን ምርኮኞች ነበሩ» ብለው እንዳይጽፉ። እሱም የባሰ ስህተት ነው። በዘርአ ያዕቆብ ጊዜ እንኳ ጨዋ የሹመትና የአገልግሎት ስም እንጂ የግለሰቡን አመጣጥ የሚናገር አልነበረም። የቃል መነሻ የሰው መነሻ አይደለም።

የጦሩን መስመር መከተል ከፈለጉ ግን መንገድ አለ። ከቃሉ ይልቅ ቦታው ይነግርዎታል። አያትዎ የተወለዱበትን መንደር፣ የጎጡን፣ የወንዙንና የሜዳውን ስም ይሰብስቡ። እንደ ጃን አሞራ ያለ የጦር ስም አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ ሊያገኙ ይችላሉ። ቀጥሎ የመሬቱን ዓይነት ይጠይቁ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከመውጣቱ በፊት የቤተሰቡ መሬት ምን ይባል ነበር? ርስት ነው? ማደሪያ ነው? ለዘመቻ አገልግሎት የተሰጠ ነው? «ጋሻ» የሚባለው ልኬት ራሱ፣ 40 ሄክታር ገደማ የሚሆነው፣ ስሙን ከወታደሩ ጋሻ የወሰደ ነው። አንድ ጋሻ መሬት ነበረን ማለት ግን ወታደር ነበርን ማለት አይደለም፤ በኋላ ተራ የመሬት መለኪያ ሆኗል። የሚረዳዎት መሬቱ በምን ግዴታ እንደተያዘ ማወቁ ነው። ያንን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬ በጣም አርጅተዋል። ይህንን ለነገ አያሳድሩት። ድምፃቸውን ይቅረጹ።

ሦስተኛው የአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ነው። የመሬት ስጦታና ክርክር በወንጌሉ ባዶ ገጾችና ዳር ዳር መመዝገብ የቆየ ልማድ ነው። የዓምደ ጽዮንም ቃል የተገኘው እንደዚያ ነው። አስተዳዳሪውን በወጉ አስፈቅደው፣ ግዕዝ የሚያነብ ሰው ይዘው ይሂዱ። «ፄዋ» የሚል ቢያገኙ ዓመቱንና ከጎኑ ያለውን ስም በጥንቃቄ ይገልብጡ። ከዘመኑ ተነሥተው የትኛው ትርጉም እንደሆነ መለየት ይቻላል። ገጹን ፎቶ ሲያነሱ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ገጽ ያንሱ።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ጨዋን «ነፍጠኛ» እያሉ ይተረጉሙታል፣ ወይም ነፍጠኛን ወደ ኋላ ወስደው ጨዋ ያደርጉታል። ሁለቱን አይቀላቅሉ። ነፍጠኛ ከ«ነፍጥ» የመጣ ነው፤ ነፍጥ ጠመንጃ ነው፣ ቃሉም ከአረብኛው «ነፍጥ» የገባ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በምኒልክ ጊዜ ወደ ደቡብ ዘምተው እዚያ የቀሩት ባለ ጠመንጃዎች የተጠሩበት ነው። አሠራሩ ይመሳሰላል፤ ያኛውም ሰፋሪ፣ ይኸኛውም ሰፋሪ፤ ሁለቱም ከገባር የሚኖሩ። በመሀላቸው ግን ከአራት መቶ ዓመት በላይ አለ። ነፍጠኛ የሚለው ቃል ደግሞ ዛሬ በፖለቲካ ንግግር ውስጥ ሰው የሚቆስልበት ቃል ሆኗል። የቤተሰብ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ማስረጃ ማስገባት ለቤተሰቡም፣ ለጎረቤቱም፣ ለታሪኩም አይበጅም። አያትዎ ያላሉትን ቃል አይስጧቸው።

አጻጻፉን በተመለከተም ምክሬ አንድ ነው። ስለ 14ኛውና 15ኛው ክፍለ ዘመን ጦር ሲጽፉ «የጨዋ ጦር» ይበሉ፤ መጀመሪያ በሚጠቅሱበት ቦታ ላይ «በግዕዙ ፄዋ» ብለው ያስታውሱ። «ጨዋ» ብቻ ብለው ካለፉት አንባቢዎ ደዋሮ ላይ ጥሩ ጠባይ ያላቸው ሰዎች የሰፈሩ ይመስለዋል። ስለ አያትዎ ሲጽፉ ደግሞ ቃላቸውን በጥቅስ ውስጥ እንዳለ ያስቀምጡት። እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጽፈዋለሁ፦ «አያታችን ‹እኛ የጨዋ ዘር ነን› ይሉ ነበር። በእሳቸው ዘመን ይህ አነጋገር የታወቀና የተከበረ ቤተሰብ ማለት ነበር። ቃሉ በጥንት ጊዜ የሰፋሪ ጦር ስም ነበር፤ የእኛ ቤተሰብ ከዚያ ጦር ጋር ስለመገናኘቱ ግን እስካሁን ያገኘሁት ማስረጃ የለም።» የመንደሩ ስም ወይም የወንጌሉ ዳር ሌላ ነገር ከነገረዎት የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ይቀይሯታል።